ውስጥ እግራችንን ማን አየው?

«የቆዳ ካንሰር የነጭ በሽታ ነው» የሚለውን ወሬ ለማረም የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም የፀሐይን ጨረር ስለሚመክት፣ ፀሐይ የምታመጣው ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ እጅግ ያንሳል። ይህ ጠባቂ ግን የሚጠብቀን ከፀሐይ ብቻ ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ በብዛት የሚገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊን የገደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ መስቀል አደባባይ ወጥተን 60ኛ ልደቱን ያከበርንለት ሰው በምን እንደሞተ ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ወባና ቲቢ ባለበት አገር ስለ ብርቅ በሽታ ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። የምለው ግን ማታ እግር ሲታጠብ ወደ መብራት ጠጋ ብሎ ውስጥ እግርን ማየት ነው። ሰው በከንቱ ይደነግጣል ለሚሉም መልስ አለ፤ በብዙ ጥፍሮች ላይ ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ ጥቁር መስመር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ የሚሰፋ፣ ጥቁረቱም በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የሚዘልቅ ከሆነ ግን «ጫማ መትቶኝ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ማርያም ሳመችው የምንለውም ምልክት መልኩን ከቀየረ፣ ለወራት ያልዳነ ቁስል ወይም የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ እንደገና ካመረቀዘ ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ትንሽ ቆርጦ ለምርመራ ልላክ ሲል «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ብሎ መሸሽ የተለመደ ነው። የሚያሰራጨው መቆየቱ ነው፤ የሜላኖማ ክፋት የሚለካው ወደ ቆዳ በጠለቀበት ሚሊ ሜትር ነውና።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለውስጥ እግር ምንም አይፈይድም፤ ለሁሉም ሰው ግድ ነው ማለትም ማጋነን ይመስለኛል። አልቢኒዝም ላለበት፣ ማለትም ቆዳው ሜላኒን ለሚጎድለው ልጅ ግን ክሬሙ መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ይህን ልጅ ለጠዋት ሰልፍ ብሎ ኮፍያውን የሚያስወልቅ መምህር ሥርዓት እያስከበረ ይመስለዋል።