ልጁ ይለምዳል፤ ትምህርት ቤቱስ?

በኢትዮጵያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ላይ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረገው ክርክር በአብዛኛው የቦታ ክርክር ነው። ልዩ ፍላጎት ትምህርት የማየት፣ የመስማት፣ የአእምሮ እድገት፣ የተግባቦት ወይም ሌላ መሰል ጉዳት ስላለባቸው በተለመደው የማስተማሪያ መንገድ ብቻ ሊማሩ ለማይችሉ ልጆች በተለየ ዘዴ፣ መሣሪያና ባለሙያ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት ራሱን በቻለ ትምህርት ቤት ይሰጥ፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሚከፈት ልዩ ክፍል ይሰጥ፣ ወይስ አካቶ ትምህርት በሚባለው አሠራር ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጉባኤ አስጠርቷል፣ ብዙ ሰነድም አስጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ያወጡት መግለጫ ክርክሩን ወደ አካቶ አዘንብሎታል፤ የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. ያወጣውንና በ2004 ዓ.ም. የከለሰውን ስትራቴጂ በዚሁ አቅጣጫ ቀርጾታል። ልጁ የሚቀመጥበት ክፍል እንዲህ ሲያከራክር፣ ወደዚያ ክፍል በመስከረም እንዴት ይገባል የሚለው ጉዳይ ግን ባለሙያ የሚመክርበት መሆኑ ቀርቶ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ለጥበቃና ለእናት ተትቷል።

ይህን ባዶ ቦታ የሞላው “ይለምዳል” የሚለው አስተሳሰብ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለወላጅ፣ ነባሩ መምህር ለአዲሱ፣ አንዳንዴም ወላጅ ለራሱ የሚለው ይህ ቃል የደግ ሰው ማጽናኛ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሁለት እምነቶችን አዝሎ ይዞራል። አንደኛው፣ የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሳምንታት የምዝገባ ማጠናቀቂያ፣ የድልድልና የጽዳት ጊዜ እንጂ የትምህርት ጊዜ አይደሉም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጅ ማንም ሳያስለምደው ቀን በሄደ ቁጥር በራሱ ይለምዳል የሚል ነው። ሁለቱም ለብዙ ልጆች ከሞላ ጎደል ስለሚሠሩ ማንም አይመረምራቸውም፤ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ግን ሁለቱም ስሕተት ናቸው፣ የሚያስከፍሉትም ዋጋ ትምህርት እስከ ማቋረጥ ይደርሳል።

ኦቲዝም፣ ማለትም የልጁን ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ተግባቦትና የስሜት ሕዋሳት አቀባበል ከሕፃንነት ጀምሮ ለየት የሚያደርገው የአንጎል እድገት ሁኔታ፣ ለዚህ ዋናው ማስረጃ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተመው ጥናት ካስተዋላቸው ዐበይት ምልክቶች አንዱ፣ ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቀጥል ልጆቹ ያላቸው በጭንቀት የታጀበ ፍላጎት ነው፤ የመንገድ፣ የዕቃ አቀማመጥ ወይም የዕለት ሥርዐት ትንሽ ለውጥ እንዲህ ያለውን ልጅ ሊያናውጠው ይችላል። የመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ለውጥ ሁሉ በአንድ ጧት ተጠራቅሞ የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ ክረምቱን ቤት የከረመ ልጅ በአዲስ ልብስ፣ በአዲስ ሰዓት፣ በአዲስ ክፍል፣ ለማያውቀው መምህር ይሰጣል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ችግር ከዚህ ይለያል፤ እርሱ እስከ ሰኔ በብዙ ድግግሞሽ የያዘውን፣ እጅ መታጠብን ወይም ተራ መጠበቅን፣ ክረምቱን ካልተለማመደው ሊያጣው ይችላል፣ በአንድ ክፍል የተማረውንም ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ወዲያው ላይሠራበት ይችላል። መስማት የተሳነው ልጅ በበኩሉ ወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰሚዎች ስለሆኑና የምልክት ቋንቋ ስለማያውቁ፣ ሁለቱን የክረምት ወራት ከቤተሰቡ መካከል ሆኖ የልቡን የሚያወራው ሰው ሳያገኝ ሊያሳልፍ ይችላል፤ መስከረም ለእርሱ ከሒሳቡም ከሳይንሱም በፊት ወደ ቋንቋው የሚመለስበት ወር ነው። እነዚህን ሦስት ልጆች በአንድ “ይለምዳል” ማለፍ ሦስቱንም አለማወቅ ነው።

የመጀመሪያዋን ጧት ጠጋ ብሎ ማየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀን በሰልፍ ይጀምራል፤ ደወል ይደወላል፣ ተማሪው በየክፍሉ ይደረደራል፣ ብሔራዊ መዝሙር እየተዘመረ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ከዚያም ተረኛው መምህር ወይም ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ መመሪያ ያስተላልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት መመሪያው ይረዝማል፣ ሰልፉም ገና መስመር ስላልያዘ ይተራመሳል። ድምፅ ከሌላው ሰው ይልቅ ገዝፎ የሚሰማው ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኻል፣ ወይም ከሰልፉ ወጥቶ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ይህን ያየ መምህር “አስቸጋሪ ነው” ይላል፣ ልጁም ገና ክፍል ሳይገባና አንድ ፊደል ሳይጠየቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጠራበት ስም ይወጣለታል። መፍትሔው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሲታሰብ ነገሩ ያናድዳል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰልፉ አልቆ ግቢው ጸጥ ሲል ቢገባ፣ ቀጥሎ ከዳር ቆሞ ቢያይ፣ ኋላም ከሚያውቀው ሰው ጎን ለጥቂት ደቂቃ ቢሰለፍ፣ ሰልፍ ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ይማራል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ እንዲያውም ለአንዳንዱ ልጅ የመስከረም ዋናው ትምህርት ይኸው ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በዓመታዊው ዕቅድ ክፍለ ጊዜ አይመደብለትም፣ በመምህሩ የሥራ ምዘናም አይገባም፤ ልጅ ሲያስለምድ የከረመ መምህር ምንም እንዳላስተማረ ይቆጠራል።

የትምህርት አስተዳደሩ ለአዲሱ ዓመት አይዘጋጅም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በስፋት የጀመረው የተማሪዎች ምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት ከብዙ እናቶች ጫንቃ ላይ ትልቅ ሸክም አውርዷል፤ ልጇን ይዛ ስትመላለስ ሥራ መሥራት ላልቻለች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ ዝግጅት ማለት የሚቆጠር ዕቃ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ደብተር ይቆጠራል፣ ወንበር ይቆጠራል፣ የተመዘገበ ተማሪ ይቆጠራል፤ ከተመዘገቡት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች መካከል በኅዳር ስንቱ እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ የሚጠይቅ ግን አይበዛም። ምገባው ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የምግብን ሽታ፣ ቀለምና ልስላሴ አጥብቆ የሚመርጥ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ትሪው ፊቱ እያለ ምንም ሳይቀምስ ሊውል ይችላል፣ ይህ ጥጋብ ወይም ብልግና አለመሆኑን አስቀድሞ ለመጋቢ እናቶች የሚነግራቸው ሰው ካልተመደበ ደግሞ ልጁ ቁጣ ደርሶበት ከምግቡ የሚነሣ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው የመምህራን ድልድል ነው። አንድ መምህር ዓመቱን ሙሉ ካስተማረው ልጅ ጋር ሲኖር ምን እንደሚያስፈራው፣ ሽንቱ ሲመጣ በምን ምልክት እንደሚናገር፣ በየትኛው ጥግ ሲቀመጥ እንደሚረጋጋ ያውቃል፤ ይህ እውቀት በማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ በዲፕሎማም አይገኝም። መምህሩ በዝውውር ሲሄድ ወይም “ዘንድሮ ደግሞ ሌላው ይያዛቸው” በሚል ፈረቃ ሲቀየር እውቀቱ አብሮት ይወጣል። የተናጠል የትምህርት ዕቅድ የሚባለው ሰነድ፣ ማለትም የአንድን ልጅ ችሎታ፣ ችግር፣ ግብና የሚያስፈልገውን ድጋፍ ለብቻው የሚዘረዝረው ጽሑፍ፣ ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ነበር፤ ሆኖም ለተቆጣጣሪ እንዲታይ ተሞልቶ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ አዲሱን መምህር አያስተምረውም፣ “ተግባቦት ላይ ድጋፍ ያስፈልገዋል” የሚል ዐረፍተ ነገርም ልጁ ውኃ ሲጠማው የመምህሩን እጅ ይዞ ወደ ቧንቧ እንደሚጎትት አይናገርም። ስለዚህ አዲሱ መምህር ከዜሮ ይጀምራል፣ ልጁን አውቆ ሲጨርስም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቋል። በልዩ ክፍል ውስጥ መምህሩ ከልጆቹ ጋር ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ማድረግ፣ መለወጡ ግድ ከሆነም ሁለቱ መምህራን በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ከማንኛውም የአንድ ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

የመስከረም አቆጣጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። ልጁ በስንት ትግል ሰልፉን፣ ደወሉንና የመምህሩን ፊት በለመደበት ሰሞን መስከረም 16 ደመራ፣ በማግስቱ መስቀል ይመጣል፤ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ የጉራጌ ቤተሰብ ልጅ ከሆነማ ጉዞው፣ ዘመድ አዝማዱና ግርግሩ ተጨምሮ ከትምህርት ቤት የሚርቅበት ጊዜ ይረዝማል። በዓሉ ይቅር የሚል ሰው አይኖርም፤ ከመስቀል በኋላ የሚመለሰው ልጅ ግን ሁለተኛ ጊዜ እየጀመረ መሆኑን የሚያውቅ የትምህርት ዕቅድ መኖር አለበት። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ሾፕለር እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ግዛት በመሠረተው ፕሮግራም ውስጥ የዳበረው አንድ ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል። ዘዴው የቀኑን ሥራ በቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ ማሳየት ነው፤ ክፍል፣ ጨዋታ፣ ምሳ፣ በመጨረሻም እናት በር ላይ ቆማ የሚያሳዩ ካርቶኖች ይደረደራሉ፣ ያለቀው ሥራ ካርቶን ይነሣል፣ ልጁም ቀጥሎ የሚመጣውንና ወደ ቤት የሚሄድበትን በዐይኑ ያያል። በዓል የሚውልበት ቀን የችቦ ሥዕል ቢለጠፍበት ልጁ የት እንደሚውል አስቀድሞ ይረዳል። ወጪው ካርቶንና እስክርቢቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ አገሪቱ ድሃ ናት፣ መምህር የለም፣ በአንድ ክፍል የሚታጨቀው ተማሪ ብዙ ነው። መልሱ ከፊሉ እውነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ራሱ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን እንክብካቤ ከአቅሙ ጋር አያይዞታል፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ብሬል ማተሚያና የንግግር ሕክምና ባለሙያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ነገር ግን የመምህር ድልድልን ከነሐሴ መጨረሻ ወደ ሰኔ ማምጣት፣ ልጁን በጳጉሜ ባዶ ግቢ ውስጥ ክፍሉንና መጸዳጃ ቤቱን ማሳየት፣ መግቢያ ሰዓቱን ለጥቂት ሳምንታት ማለሳለስ በየትኛው በጀት ነው የሚከለከለው? ድህነት እውነተኛ ምክንያት የሚሆንባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ግን መሸሸጊያ ሆኗል። ልጁን አቆላምጦ ማስገባት ያሰንፈዋል የሚለው ሌላው ተቃውሞ ብዙም መልስ አያሻውም፤ ለዐይነ ስውር ልጅ ግቢውን እያስዳሰሱ ማሳየትን ማቆላመጥ የሚለው የለም፣ ለሌላውም እንደዚያው ነው።

“ይለምዳል” ሳይሳካ ሲቀር የሚተካው ቃል ደግሞ ከእርሱ የባሰ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት እናት ትጠራና “ትንሽ ሲረጋጋ አምጪው” ትባላለች። ማባረር ተብሎ በደብዳቤ ስለማይጻፍ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ስለሚቆይ ተማሪው በሪፖርት ውስጥ እየተማረ ነው፣ በእውነቱ ግን ቤት ተቀምጧል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳት ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዐቱ እንዳይገለል፣ የግል ፍላጎቱን ያገናዘበ ድጋፍም እንዲያገኝ ያዝዛል፤ “ሲረጋጋ አምጪው” የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ካጡ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰነዱ በዝቷል፣ ልዩ ክፍሉም በዝቷል፤ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ከበር የምትመለሰው እናት ግን ማዕከል የመክፈት አቅም የላትም።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎች ከርዕሳነ መምህራን በጥቅምት መጨረሻ የሚቀበሉት ሪፖርት ሁለት ነገር እንዲጨምር ይጠየቃል፦ በመስከረም ከገቡት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ስንቱ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ክፍል ውስጥ እንደነበሩ፣ ላልነበሩትም ማን ቤታቸው ድረስ እንደሄደ። ወላጅም “ሲረጋጋ አምጪው” ስትባል ቃሉ ማኅተም ባለው ወረቀት እንዲጻፍላት ትጠይቅ።