ንባቡ ከሲቀላ አይነሣ

(ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ)



ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ አንድ ሠልጣኝ ጓደኛችን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡም ባጭሩ ይህ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ በሲቀላ ከሠፈር ሰዎች ጋር የምናደርገው፣ ስለ ሴቶች የተጻፉ ትያትሮችን የማንበብና የመወያየት ክበብ ወደ ግቢያችን አዳራሽ ይዛወር፤ ንባቡም ቀርቶ ለየካቲት 29፣ ለዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን፣ አንድ ጥሩ ድራማ አጥንተን እናሳይ የሚል ነው። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ ለተመልካች የሚታይ ነገር የለውም። ጓደኛችን በቅን ልቦና እንደ ጻፈው አውቃለሁ፤ ከመለጠፉም በፊት ለእኔ አሳይቶኛል። በበኩሌ ግን አልስማማም። በመኝታ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ከምንጨቃጨቅ እኔም እንደሱ በወረቀት ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ወደዚህ ክበብ የገባሁት ለሴቶች ጉዳይ ተቆርቁሬ አይደለም። ቡና ይፈላል ሲባል ሰምቼ ነው። (የሚሥቅ ይሣቅ፤ እውነቱ ይሄው ነው።) ስንጀምር የነበረን መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተራ የደረሰው ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማንበብ የማይችል ያዳምጣል። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ እናቆማለን፤ የፈለገ ይናገራል። ሌላ ሥርዓት የለንም፤ ሊቀመንበርም ጸሐፊም አልመረጥንም። ከእኛ ሌላ የሚመጡት ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች፣ ሙዝ የሚቸረችሩ ሴቶች፣ አንድ አረጋዊ ሸማኔ፣ አንዳንዴም ሕፃን ያዘሉ ልጃገረዶች ናቸው። ሕፃኑ የራሳቸው ይሁን የእናታቸው አንጠይቅም።

«ጠልፎ በኪሴ» በ1950ዎቹ የተጻፈ ኮሜዲ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጓደኛሞች ሆነው ለአንድ ወንደላጤ ሚስት በጠለፋ ለማምጣት ይዶልታሉ፤ ነገሩም ይወሳሰባል። ደራሲው የተማረውን ጎረምሳ ጉድ በሣቅ አድርጎ ያወጣዋል። እኛም ሣቅን። እኔማ የአንደኛውን ድምፅ እያስመሰልኩ ሳነብ ሆዳቸውን ይዘው የሣቁ ነበሩ። ያን ጊዜ አንዲት ጥጥ የሚፈትሉ እናት እንዝርታቸውን ሳያቆሙ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝና ሰማሁ። «ልጅቷ የት ናት? እናንተ እንዲህ ስትሥቁ እሷ የት ተቀምጣ ነው?» ነው ያሉት። ማንም አልመለሰላቸውም። ጥቂት ቆይተው፣ «እኔንም ውኃ ስቀዳ ነው የወሰዱኝ። ያኔም ሰዎቹ ይሥቁ ነበር» አሉ። ከዚያ መፍተላቸውን ቀጠሉ። መጽሐፉ በእጄ ነበር፤ የቀረውን ገጽ ግን እንደዚያ ድምፅ እያስመሰልኩ ማንበብ አቃተኝ። አንዷ ሠልጣኝ ተቀብላኝ ጨረሰችው።

ይህን ስል ጥፋቱ የደራሲው ነው ማለቴ አይደለም። ኮሜዲው ጠለፋን ለማሞገስ ሳይሆን ለማሾፍ የተጻፈ ነው። ነገር ግን እስቲ ዘመኑን እናስብ። ያኔ ይሠራበት በነበረው በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ አገባች ከተባለና ጋብቻው ከጸና፣ ሰውዬው በጠለፋ አይከሰስም ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በአማላጅ ሽማግሌ ፊት ምን ያህል ፈቃድ እንደሚሆን ከእኛ ይልቅ እናቶቻችን ያውቁታል። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996 ዓ.ም. በወጣውና በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አውጥቷታል። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ታዲያ ኮሜዲውን፣ ሕጉንና ፊልሙን ጎን ለጎን አስቀምጠን የተነጋገርነው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ በሲቀላ፣ ያውም እኚያ እናት ስለ ጠየቁ ነው። በግቢያችን አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ሥቀን፣ አጨብጭበን እንበታተን ነበር።

ሁሉ ነገር አምሯል እያልኩ ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች የምናወራው እኛ ወንዶቹ ነበርን። ስለ ሴቶች ጭቆና እኛ ስንተነትን ሴቶቹ ቡና ያቀርባሉ! ነገሩ ያሳፍራል። የተለወጠው ደግሞ መመሪያ ስላወጣን ሳይሆን ቋንቋውን ስለ ቀየርን ነው። ንባቡ በአማርኛ ነው፤ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ግን አማርኛን የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው። አንድ ቀን አንዷ ሠልጣኝ እያንዳንዱን ገጽ በጋሞኛ መመለስ ጀመረች። ንባቡ በግማሽ ዘገየ፤ ክርክሩ ግን ያኔ ተነሣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ወላይትኛ ከነዚያ አንዱ ነበር፤ ጋሞኛ ግን አልነበረም። በዚያ ጊዜ ልጃገረድ የነበሩት ናቸው ዛሬ እንዝርት ይዘው ፊት ለፊታችን የሚቀመጡት። ዛሬ እኛ በጋሞኛ ልናስተምር እየሠለጠንን ሳለ ለእነሱ በአማርኛ ብቻ አንብበን «ተሳትፎ የለም» ብንል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን የኖርዌዩ ደራሲ የኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ነው። አንድ መምህራችን የእንግሊዝኛውን ቅጂ አምጥተው እየተረጎሙ አነበቡልን። ኖራ የምትባል ሴት ባሏ ሲታመም ለማሳከሚያ ገንዘብ ትበደራለች፤ ሴት ያለ ባል ፈቃድ መበደር ስለማትችል የአባቷን ፊርማ አስመስላ ትፈርማለች። ባልየው ሲያውቅ ያወርድባታል፤ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ ይላል። እሷም ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ትያትሩ በ1879 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኮፐንሃገን ሲታይ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። በጀርመን አገር ዋናዋ ተዋናይት ልጆቼን ጥዬ አልወጣም ብላ እምቢ ስላለች ኢብሰን ሳይወደው ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በዚያኛው ኖራ ልጆቿን አይታ ትቀራለች።

እኛም ሁለቱንም መጨረሻ አነበብን። ወንዶቹ ሠልጣኞች በአብዛኛው «እናት እንዴት ልጆቿን ትጥላለች!» አልን። ከሴቶቹ ሠልጣኞች ሁለቱ አበጀች አሉ። ሙዝ የምትቸረችረው ሴትዮ ግን ከሁለታችንም ጋር አልሆነችም። «መውጣቱንስ ትውጣ፤ ማታ የት ታድራለች? የአባቷ ቤት ይቀበላታል ወይ? ብሩንስ ከየት ታመጣለች?» ብላ ጠየቀች። ተርጓሚው መምህራችን መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ይህን ደራሲው አልጻፈውም» አሉ። ሴትዮዋም «እንግዲያው ዋናውን ትቶታል» አለች። እኔ ስለዚህ ትያትር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ኋላ ፈልጌ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች አንዲት ቃል የበለጠ አላገኘሁበትም።

አንዲት ሠልጣኝ ደግሞ እስካሁን ያነበብነውን ሁሉ የጻፈው ወንድ ነው ብላ ተነሣች። እውነቷን ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስንፈልግ ስንዱ ገብሩን አገኘን። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና ያስተማረች፣ በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ትያትር የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተመች፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። መምህርት ነበረች፤ ልብ በሉ። ስሟን ስናነሣ ግን ከእኛ መካከል የሚያውቃት ከሁለት ሰው አይበልጥም ነበር። ወደ እኛም ቀረብ ካልን በሰባት ቤት ጉራጌ ከ150 ዓመት ገደማ በፊት በጆካ ሸንጎ ፊት የሴቶችን የጋብቻ መብት ያነሣችው የቃቄ ወርድወት አለች፤ ታሪኳም በብሔራዊ ትያትር መድረክ ታይቷል። የሲዳማዋ የንግሥት ፉራ ተረት ደግሞ ለክርክር የተፈጠረ ነው፤ ወንዶቹ ጨካኝ ነበረች ብለው ይተርኩታል፤ ሴቶቹ ብልህ ነበረች ብለው። አንድ ተረት በሁለት አፍ! ይህን ማን ጽፎ ትያትር እንደሚያደርገው አላውቅም፤ ከእኛ አንዱ ቢሞክረው ምን ይለዋል?

አሁን ወደ ጓደኛችን ሦስተኛ ምክንያት ልመለስ። ንባብ የሚታይ ነገር የለውም ብሏል። የየካቲት 29 ድራማዎቻችንን እስቲ እናስታውስ። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ ትደበደባለች፤ ትወድቃለች። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ባልየው ይጸጸታል። ሙዚቃ ይገባል፤ እንጨበጭባለን፤ ምሳ እንበላለን። የምትናገረው ሴት የለችም፤ የምታለቅስ ብቻ ናት። ብራዚላዊው የትያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፔሩ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሲሠራ ያጋጠመውን ጽፎታል። አንዲት ማንበብ የማትችል ሚስት ባሏ እንደ ሰነድ አድርጎ ያስቀመጠባት ወረቀት የሌላ ሴት የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን ታውቃለች፤ ምን ታድርግ? ተብሎ ተመልካቹ ይጠየቃል። አንዲት ተመልካች ሐሳብ ስትሰጥ ተዋንያኑ ደጋግመው ቢሠሩትም ያለችውን አልሆንላት አለ። በመጨረሻም ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ እንደምትፈልገው አድርጋ አሳየች። ቦአል ከዚያ ወዲያ ተመልካቹን ወንበር ላይ አላስቀምጠውም አለ። በሲቀላ እየሆነ ያለው ነገር በትንሹም ቢሆን ይህንን ይመስላል፤ ያለ መጋረጃና ያለ አልባሳት።

እዚያ የሚመጡት አረጋዊ ሸማኔ አንድ ቀን እየቀለዱ፣ «ይሄ እኮ ዱቡሻ ነው፤ ሴቶቹም ይናገሩበታል» አሉ። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አይደለም። በጋሞ ባህል የአገር ጉዳይ የሚያልቀው በዱቡሻ ተቀምጦ በመነጋገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚሁ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው አገር ያወቀው ነው። ይህን የመሰለ ሸንጎ ያለው ሕዝብ ለሴቶቹ የሰጠው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ይህን በማለቴ ባህል ነቀፈ የሚለኝ ካለ ይቀየመኝ፤ እናቴም ትስማማበታለች።

መንገዱ ሩቅ ነው ለተባለው፣ አዎ ሩቅ ነው፤ የባጃጅ ዋጋም ውድ ነው። ነገ የምንመደበው ግን ወደ ቦንኬ፣ ወደ ካምባ፣ ወደ ደራማሎ፣ ወደ ቁጫ ቀበሌዎች ነው፤ ያኔ ሲቀላ ቅርብ ነበር እንላለን። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው ለተባለው ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በአጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር። ከጥምቀት በዓል በኋላ አልመጣችም። መምህሩ ሦስት ቀን ስሟን ጠሩ፤ በአራተኛው ቀን በቀይ ሰረዙት። ተዳረች ተባለ። መምህሩም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅሁ፤ ወንበሩ ሰፋልኝ ብዬ ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ያን ቀይ ስክሪብቶ በቅርቡ እኛ ነን የምንይዘው። ስሟን ከመሰረዛችን በፊት ቤቷ ሄደን ከእናቷ ጋር ምን ብለን እንደምንነጋገር ከየትኛው ትምህርት ነው የምንማረው? እኔ እስካሁን የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሲቀላ፣ ከእነዚያ ጥቂት ሰዎች ነው።

ድራማውም ይሠራ፤ አልቃወምም። ንባቡ ግን ካለበት አይነሣ። መምህራኖቻችንም የመጽሐፍ ቅጂ በማባዛት ቢረዱን እጅግ ደስ ይለናል፤ አንድ መጽሐፍ ለሃያ ሰው አልበቃ ብሏል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የምናነበው የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ነው፤ የባላባት ዘር የሆነው የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ለማግባት የሚነሣበት። የአክስቱን የወይዘሮዋን ክፍል የማነበው እኔ ነኝ። በአገራችን ትያትር ሲጀመር የሴቶችን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ስለ ነበሩ ማንም እንዳይሥቅብኝ። የሠራተኛይቱን ቃል ደግሞ እኚያ ጥጥ የሚፈትሉት እናት «እኔ ልበል» ብለዋል። ማንበብ ስለማይችሉ አንዷ ሠልጣኝ እየቀደመች በጆሯቸው በጋሞኛ ትነግራቸዋለች። ጓደኛዬ፣ አንተም ና። የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።