ሳንቆጠር አንክረም

የጀጁ ወገኖቼ፣ የአርቦዬ ልጆች! ከደጋው ማሳ እስከ አዋሽ ዳር ያላችሁ ሁሉ፣ ዘንድሮ መኸሩ እንደገባ አንድ ሥራ አብረን እንሥራ። ራሳችንን እንቁጠር፤ ወንዞቻችንንና ምንጮቻችንንም በየስማቸው እንመዝግብ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1976 እና በ1987 ተቆጥረናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል፤ አራተኛው ግን በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፣ በ2011 ደግሞ ዳግም ተራዘመ። በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን ካለፈ ቆይቷል። በዚያች ግንቦት ማግስት አርቦዬ ላይ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ በቆጠራ መዝገብ ላይ ግን ገና አልተወለደም።

ቁጥር የቢሮ ጉዳይ ነው የሚል ካለ ይስማኝ። ጤና ኬላ የሚታቀደው ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ አንድ ተብሎ ነው። የገጠር መጠጥ ውሃም በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተለካው በሰው ልክ ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ። እንግዲህ ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት አስቡ። በቀን 150 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ተኩል ቢጫ ጀሪካን ይገባዋል። አህያ የሌላት እናት ጀሪካኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች። ሰባት ጊዜ ብትመላለስም ልኩ አይሞላላትም፤ ሰባት ጊዜ የሚመላለስ ጉልበትስ ከየት ይመጣል? የምንጩን ርቀት ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የምታውቀው ነገር ግን በጀት በሚመደብበት ጠረጴዛ ላይ የለም፤ ማንም ጠይቆ አልጻፈውምና።

ወንዞቹንስ ለምን እንመዝግብ ለሚል፣ ስለ አገራችን አቀማመጥም እናውራ። የአርሲ ተራሮች ዝናባቸውን በሦስት አቅጣጫ ያከፋፍላሉ። የምዕራቡ በከታር ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ የደቡቡ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል፤ የሰሜኑ፣ የእኛው፣ ወደ አዋሽ ነው። ላይ ስንዴና ጤፍ፣ ታች በመስኖ የሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲም፤ ይህ ሁሉ በአንድ ወረዳ፣ በጀጁ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው የመርቲ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የዚህ ሸለቆ ስም አለበት። አገር የሚያውቀን በቲማቲማችን ነው፤ ስንት ሰው እንደሆንን ግን ራሳችንም አናውቀውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ያለው ከእኛ በላይ ነው። የጀጁ ወንዞች አዋሽን የሚያገኙት ከግድቡ በታች ስለሆነ፣ ሌሊት ደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ ቆቃ አይይዝልንም፤ ቁልቁል ይመጣል። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቤታቸው ሲያፈናቅል ሁላችንም ሰምተናል። እኛስ ዘንድ ከወንዙ መልካ አጠገብ ስንት ቤት አለ? ከእነዚህስ ውስጥ መሮጥ የማይችል አዛውንት፣ አራስ፣ ዓይነ ስውር ያለበት የትኛው ነው? ሽንኩርት ለማውጣት ከሩቅ መጥቶ ማሳ ዳር በላስቲክ ዳስ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛስ ማን ይቀሰቅሰዋል? ጎርፉ ከመጣ በኋላ ይህን ብንጠያየቅ ምን ይረባል!

እንችላለን ወይ ለምትሉኝ፣ ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ የሚባል በድሆች የተጨናነቀ ሰፈር አለ። በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ሲታለፍ የኖረ ነው። በ2002 ዓ.ም. የሰፈሩ ወጣቶች ራሳቸው እየዞሩ መንገዱን፣ የውሃ ቦታውን፣ ክሊኒኩን መዘገቡና ካርታውን ሠሩት። እኛ ከእነሱ በምን እናንሳለን? በደቦ የምናጭድ፣ በየበጋው ለተፋሰስ ልማት አካፋና ዶማ ይዘን እርከን የምንሠራ ሰዎች ነን። ለድንጋይ ካብ ያልሰሰትነውን ጉልበት ለብዕርና ለደብተር አንሰስትም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቀበሌው ይወቀው፤ ይህ የመንግሥትን ቆጠራ የሚተካ አይደለም፣ ከማንም ተደብቆ የሚሠራም አይደለም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ይበቃል፦ ስንት ሰው አለ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ስንት ነው፣ ውሃ የሚቀዳው ከየት ነው፣ ደርሶ መልስ ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል፣ ጎርፍ ደርሶበት ያውቃል ወይ። ሃይማኖትና ብሔር አይጠየቅ። ይህን አጥብቄ የምለው ቆጠራው ለውሃና ለሕይወት እንጂ ሰውን ከሰው ለማስተያየት ስላልሆነ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከገባን ሥራው ገና ሳይጀመር ይበላሻል። ዓረብ አገር የሄደችው ልጅም በተለየ ዓምድ ትጻፍ። ቤቱ የቆመው በእሷ ገንዘብ ከሆነ፣ እንዴት ከመዝገቡ ትጎድላለች?

የምንጩንና የጅረቱን ስም የሚነግሩን ሽማግሌዎች ናቸው። ክረምት ከበጋ የማይነጥፈውን፣ ድሮ ፈልቆ ዛሬ የደረቀውን፣ ቦረቦር የበላውን ማሳ እነሱ ያውቁታል። ወጣቶች በስልካችሁ ቦታውን መዝግቡ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ትልቅ ወረቀት ላይ እንዲስሉት እርዱን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚያውቁትን ይዘው ይምጡ። የሲንቄ በትር የያዙ እናቶቻችን ለዕርቅ ሲወጡ ማን ይቀራል? ለዚህም ሥራ ከፊት ይቅደሙልን።

አሰላ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ የአርቦዬ ልጆችም አትቀሩም። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ የፎቶ ኮፒ ወጪ ከእናንተ ይሁን።

በየጎጡ ሁለት ደብተር ያዥ ወጣቶች፣ አንድ መንገድ የሚመሩ ሽማግሌና አንዲት እናት ይመረጡ። ምርጫው በታኅሣሥ ይለቅ፤ ቆጠራው በጥር ተጀምሮ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ይጠናቀቅ። የተሞላው መዝገብ በአራት ቅጂ ይባዛ፦ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ለጤና ኬላ፣ አንዱ ለእድር። ከዚያ መዝገቡን ይዘን በአንድነት ወረዳ እንግባ፣ ውሃ ጽሕፈት ቤትም እንቅረብ። ጎጣችሁ ዝግጁ ከሆነ ዛሬውኑ እድራችሁ ላይ አንሱት።