የባለሱቅ ዕዳ

ባለሱቅ ጧት ተነሥቶ የሱቁን በር ሲከፍት ብቻውን የሚሠራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ብቻውን አይደለም። ጨውና ስኳር የሚገዙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሌሊት ሌባ ቢመጣበት ጮኸው የሚያስጥሉለት እነርሱ ናቸው። ቤቱ ሐዘን ቢገባም ድንኳን የሚተክሉለት፥ ከእርሱ ጋራም የሚቀመጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ባለሱቅ ለሰፈሩና ለአገሩ ሰው አንዳች በጎ ነገር ሲያደርግ ቸርነት ብቻ አይባልም፤ ዕዳውን መክፈሉ ነው።

ይህንም ነገር የጉራጌ ነጋዴዎች ሥራ በግልጥ ያስረዳል። ከጉራጌ አገር ብዙ ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸውም ትንሽ ነበረ። አንዱ ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ጫማ ይጠርጋል፤ ሌላውም በመርካቶ ጠባብ ሱቅ ይከፍታል። ከሱቁ ውስጥ ተኝቶ፥ ጥቂት በልቶ፥ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ያጠራቅማል። መስቀል ሲደርስ ግን ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል።

አገሩ ለምለም ነው፤ እንሰቱም በየጓሮው ቆሟል። መንገድ ግን አልነበረውም። በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ጭቃው በቅሎ ያሰምጣል። ገበሬው የሚሸጠውን ሁሉ በጀርባው ይሸከማል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አድርገው ሩቅ መንገድ ይወስዷታል፤ ከሐኪም ሳትደርስም የምትሞት ነበረች።

በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በዚህ ነገር ተመካክረው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቆሙ። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚሄደውም መንገድ እንዲሁ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። መዋጮ የተጠየቀው ባለጸጋው ብቻ አይደለም። ባለሱቁም ጫማ ጠራጊውም እንደ አቅሙ ሰጠ። በአገር ቤት ያለው ገበሬም አዋጣ። የመንግሥቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሥራው ተባበረ፤ መንገዱም ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ገባ። ማኅበሩም ከመንገድ አልፎ ትምህርት ቤት አሠራ።

በዚህ ሥራ የሚደነቀው የገንዘቡ ብዛት አይደለም። አንድ ባለጸጋ ብቻውን መንገድ ቢያሠራ መንገዱ የእገሌ መንገድ ይባላል፤ ሲፈርስም ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ እገሌን ይጠብቃል። ብዙ ባለሱቆች ያዋጡለት መንገድ ሲፈርስ ግን ብዙ ሰው ይቆጨዋል። ገንዘብ ያዡንም «የት አደረስኸው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ይህም ለገንዘብ ያዡ ቢከብደው ለማኅበሩ መልካም ነው።

«ባለሱቅ ልጆቹን ይመግብ፤ ግብሩን ይክፈል፤ መንገድ ማሠራት የመንግሥት ፈንታ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። የልጆቹን እንጀራ ከአፋቸው ነጥቆ ለማኅበር የሚሰጥ አባት አይመሰገንም። ነገር ግን በምጥ የተያዘች ሴት መንግሥት ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ መቆየት አትችልም። ደግሞም የእነዚህ ነጋዴዎች መዋጮ መንግሥትን ከሥራው አላስቀረውም፤ ይልቁንም ወደ ሥራው ጠራው።

ከንፉግ ሰው ይልቅ የሚከፋ ሌላ አለ። እርሱም ሚዛኑን ያጐድላል፤ በበርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት ይደባልቃል፤ ከዚያም በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ይህን ያህል ብር ሰጠሁ» ይላል። ሰው ሲያጨበጭብለትም ደስ ይለዋል። ይህ ሰው የሰጠው የራሱን ገንዘብ አይደለም፤ ከድኻይቱ ዘንቢል የወሰደውን ነው። ገንዘቡ ለድንጋይና ለአሸዋ ይሆናል፤ እርሱ ግን ከዕዳው አንዲት ሳንቲም እንኳ አልከፈለም። የሚሰጠው ቢያጣ እንኳ ሚዛኑ የቀና ባለሱቅ ከእርሱ ይበልጣል።

ዛሬም መስቀል ሲደርስ በመርካቶ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። መኪኖች ሰውና ዕቃ ጭነው ወደ ወልቂጤ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ እንድብርና ወደ ሌላው መንደር ይገባሉ። ባለሱቁ ለእናቱ ነጠላ፥ ለታናናሾቹም ጫማ ይዟል። ጧት የተነሣ ሰው ክትፎው ሳይቀርብ ከእናቱ ቤት ይደርሳል።