«ፒዲኤፉ አለህ?»

አዲስ መጽሐፍ ወጣ በተባለ በሳምንቱ አንድ ጥያቄ ከስልክ ስልክ ሲዞር ይሰነብታል፡፡ «የት ይሸጣል?» የሚል አይደለም፡፡ «ፒዲኤፉ አለህ?» የሚል ነው፡፡ ጠያቂዎቹ ደግሞ ቀን ማኪያቶ፣ ማታ ድራፍት የማይጎድልባቸው፣ አንዳንዶቹም መኪና የሚነዱ ጨዋ ሰዎች ናቸው፡፡ ከሱቅ አንዲት ማስቲካ ሰርቃችኋል ቢባሉ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጣሉ፡፡ የሰው የዓመታት ልፋት ግን በአንድ አውራ ጣት ነክተው በቴሌግራም ለመቶ ሰው ሲበትኑ ቅንጣት አያፍሩም፡፡ እንዲያውም «እጅህ ይባረክ» ተብለው ይመረቃሉ! ጉድ እኮ ነው፡፡

እኔ እምለው፣ ይሄ ስርቆት ነው፡፡ «ማካፈል» ብሎ ማቆላመጡ ለምን አስፈለገ?

መቼም መቅዳት ሁሉ ስርቆት ነው ብዬ አልከራከርም፡፡ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ገበያ እንደወጣ ደርግ ከየመደብሩ አስለቀመው፡፡ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፡፡ ያኔ መጽሐፉን ደብቆ ያቆየ፣ በፎቶኮፒ አባዝቶ በስውር ያዋሰ ሰው ከደራሲው ምን ወሰደበት? ምንም! የሚገዛ መጽሐፍ አልነበረማ፡፡ ገበያውን የዘጋው መንግሥት ነው፡፡ አንባቢው በጥርሱ ይዞ ያሻገረውን መጽሐፍ ነው ደርግ ከወደቀ በኋላ በይፋ ታትሞ ያገኘነው፡፡ እንደዚሁ ከገበያ ከጠፋ ዘመን የቆጠረ፣ አሳታሚም ወራሽም ዞር ብሎ የማያየውን አሮጌ መጽሐፍ ለቀዳ ሰው ሌባ ብዬ ጣቴን አልቀስርም፡፡

የዛሬው ግን ሌላ ነው፡፡ ቅድመ ሳንሱር በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፡፡ (መንግሥታት ጸሐፊን የሚያንገላቱበት ሌላ መንገድ አላጡም፤ እሱን ለሌላ ሳምንት እናቆየው፡፡) ደራሲው በሕይወት አለ፣ መጽሐፉ መደብር ውስጥ ተደርድሯል፣ አዟሪውም ክንዱ ላይ ቆልሎ ካፌ ድረስ ያመጣልሃል፡፡ ታዲያ ምን ተከለከልክና ነው?

አንባቢው አንድ ነገር ልብ ያለ አይመስለኝም፡፡ በእኛ አገር አብዛኛው ደራሲ አሳታሚም ራሱ ነው፡፡ ረቂቁን ተሸክሞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ቀብድ ክፈል ይባላል፤ ዕቁቡን አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ይከፍላል፡፡ መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋይ በኮሚሽን ይረከበዋል፡፡ መጀመሪያ የሚሸጡት ቅጂዎች በሙሉ ዕዳ መክፈያ ናቸው፡፡ ለደራሲው ኪስ የሚተርፈው ካለ መጨረሻ ላይ ከሚሸጡት ነው፡፡ ፒዲኤፉ የሚቆርጠው እነዚያኑ ነው! ማተሚያ ቤቱ አይጎዳም፤ ገንዘቡን ቀድሞ ተቀብሏል፡፡ አከፋፋዩም አይጎዳም፤ ያልተሸጠውን ይመልሳል፡፡ ኪሳራው ተንከባሎ ተንከባሎ የሚያርፈው ደራሲው አልጋ ስር ነው፤ ከነካርቶኑ፡፡ ሁለተኛ እትም የሚባለው ሕልም ሆኖ ይቀራል፤ ቀጣዩ ረቂቅም መሳቢያ ውስጥ ያረጃል፡፡

«መጽሐፍ እኮ ተወደደ» ትሉኝ ይሆናል፡፡ እውነት ነው፣ ተወዷል፡፡ ወረቀቱም ቀለሙም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የባሰ ሆኗል፡፡ ግን ደራሲውስ ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ከየት አገር ነው? ኑሮው ያንተን ኪስ ሲያራቁት የሱን ዘለለው እንዴ?

ተማሪው፣ የዕለት ጉርሱን የሚያሰላው ሰው ያሳዝነኛል፡፡ ለሱ መዋዋስ አለለት፡፡ አንዱ ገዝቶ አምስት ሰው ቢያነበው ማንም ሌባ አይለውም፤ መጽሐፉ አንድ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አዋሹ ባዶ እጁን ይጠብቃል፡፡ በ1980ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ ነበር፡፡ አዘጋጆቹ ይማረሩ ነበር እንጂ ቢያንስ ያቺ አንዷ ቅጂ በገንዘብ ተገዝታለች፡፡ ፒዲኤፉ ግን አንዱ ጋ ሳይጎድል ሺህ ሰው ቤት ያድራል፡፡

ደግሞ «ደራሲው ዋናው ደስታው መነበቡ ነው» የሚሉ አሉ፡፡ ማን ጠይቋቸው? በነፃ ይነበብልኝ ያለ ደራሲ ራሱ ይለቀዋል፤ የለቀቁም አሉ፡፡ ሥልጣኑ የሱ ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሏል፡፡ ይሁንና ሕጉ አስመስሎ የሚያትመውን ነጋዴ ይይዝ እንደሆነ እንጂ በየመኝታ ቤቱ ስልክ የሚነካካውን አውራ ጣት ሁሉ ማን ያሳድዳል? ስለዚህ ነገሩ ከየራሳችን ጋር የሚያልቅ ነው፡፡

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ወገኔ ሲጠይቀኝ ትንሽ እለሳለሳለሁ፡፡ የመላኪያው ዋጋ ከመጽሐፉ ይበልጣል፣ አውቃለሁ፡፡ ለሱ የምለው፣ እዚህ ላለች እህትህ የመጽሐፉን ዋጋ ላክላት፣ ትግዛውና እሷ ታንብበው፣ አንተም ስትመጣ ታገኘዋለህ ነው፡፡ እሺ ያሉኝ አሉ፡፡

እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ወዳጄ ግን ሌላ ነው፡፡ ፒዲኤፍ በላከልኝ ቁጥር መጽሐፉ የሚሸጥበትን መደብርና ዋጋውን ጽፌ እመልስለታለሁ፡፡ «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ይለኛል፡፡ ከፋሲካ ወዲህ ምንም አልላከልኝም፡፡