እግር ሲሄድ አፍ ይፈታል

ወላጆች፣ ዛሬ ስለ ትምህርት ቤት አላወራችሁም። የማወጋችሁ ስለ አንድ ቀን የእግር መንገድ ነው።

ልጄ ጻቫ ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ባለፈው ሐምሌ፣ "አባ፣ በራሴ ገንዘብ ጆርጂያ ልውሰድህ" አለችኝ። እኔ ቲዩል የሚሉትን ነገር አልወድም። ተማሪዎች ይዤ ስወጣ እንኳ አውቶቡሱ አጠገብ የምቀር ሰው ነኝ። ቢሆንም የልጅ ግብዣ አይገፋምና ሄድን። ከትብሊሲ ወደ ሰሜን በተራራ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ለሩሲያ ድንበር ቅርብ በሆነችው ስቴፓንትስሚንዳ አደርን።

ያሰብነው ከፍታው ከ5000 ሜትር በላይ የሆነውን የካዝቤክን ተራራ ለማየት ነበር። ጠዋት ስንነሳ ጉም ሸፍኖታል። ያሳደሩን ሴትዮ በእጃቸው እያመለከቱ፣ ልጄም በስልኳ እያስተረጎመች፣ "ፏፏቴ አለ፤ ቅርብ ነው" አሉን። ልጄ ወዲያው ተነሳች። እኔ ጉልበቴን ላመካኝ አልኩና አፈርኩ። ታክሲ ይዘን ግቬሌቲ ከምትባል መንደር አጠገብ ወረድን።

እዚያ ሁለት ፏፏቴዎች አሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። መንገዱ በገደሉ ጥግ ጥግ ሽቅብ ይወጣል። ሣሩና የውሃው ድምፅ የጎንደርን ደጋ አስታወሰኝ። መንደሮቻችን የሚሠሩት ወንዝ ዳር ነበር፤ ያለ ወራጅ ውሃ መንጻት የለምና። አባቴ ቄስ ስለነበሩ፣ ወንዝ ሲወርዱ እከተላቸው ነበር።

ወደ ትልቁ ስንቃረብ ጅረቱን በድንጋይ ላይ መሻገር ነበረብን። አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ልጄ አነሳችኝና "አባ፣ የቦርሳዬን ማንጠልጠያ ያዝና ተከተለኝ" አለች። ያዝኩ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ፤ እንባዬ መጣ።

"ምን ሆንክ? አመመህ?"

በ1984 ወደ ሱዳን ስንወጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ተደብቀን ሌሊት ነበር የምንሄደው። በጨለማ እንዳልጠፋ የአባቴን የኩታ ጫፍ እይዝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የእኔን ልብስ ይይዛል። ኡም ራኩባ ካምፕ አብረን ደረስን። እሱን ትኩሳት ያዘውና እዚያው ቀበርነው።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። በኢየሩሳሌም ቀን፣ በመንገድና በካምፕ ያለቁትን ወገኖቻችንን በሄርዝል ተራራ ስናስብ አጠገቤ ቆማለች። ቁጥራቸው 4000 ያህል እንደሚባልም ታውቃለች። ከእነሱ አንዱ አጎቷ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። እንዳላስጨንቃት ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁትስ እኔው ነኝ።

ፏፏቴው ሥር ተቀምጠን ነገርኳት። "ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት። ውሃው ስለሚጮህ አልሰማችኝም። "ማን?" አለች። ጮኬ ደገምኩላት። ከአርባ ዓመት በኋላ የወንድሜን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ የጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንወርድ "ቲዩል የማትወደው ለዚህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ይመስለኛል" አልኳት።

ወላጆች ሆይ፣ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ "ና፣ ታሪክ ልንገርህ" ማለት ይከብዳል። ልጁም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ነገሩ ራሱ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ጆርጂያ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ባንያስም ኤን ገዲም ፏፏቴ አለ። ልጆቻችሁ "እንሂድ" ሲሏችሁ፣ ሐኪም እስካልከለከላችሁ ድረስ እንደ እኔ በጉልበት አታመካኙ። የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ፣ ዱላ ያዙ፣ ሲደክማችሁ አረፍ በሉ። መንገድ ላይ የቀሩትንም በስማቸው እየጠራችሁ ንገሯቸው። እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

በሰላም ያገናኘን።