መነጽር «ተቀበል!» አይልም

«ዘፋኝ ስሜት እንዲያገኝ የቪርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ይደረግለት» ይባል ጀመር። ለመሆኑ ስሜት በመነጽር ይገባል?

መሣሪያውን አልንቅም። የመስኩ ፈር ቀዳጅ ጃሮን ላኒየር እ.ኤ.አ. በ1992 ቺካጎ ላይ ሙዚቃ ተጫውቶበታል። መድረክ ለሚያስፈራው ጀማሪም መለማመጃ ይሁነው።

ስሜት ይፈጥራል ሲባል ግን አልስማማም። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል፦ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የገዛ ሐዘኑን በስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆ አዋዝቶ ይመልስለታል። ዜማ የሚሞቀው ሰው ለሰው ሲመልስ ነው። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ታዳሚ ያጨበጭባል እንጂ ስንኝ አያቀብልም፤ ቢሰለቸውም ተነስቶ አይወጣም።

ባለስቱዲዮዎች ሆይ፣ ዘፋኙን ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቆልፋችሁ፣ ሙዚቃውን በጆሮ ማዳመጫ እያሰማችሁ ስሜት ከየት ይምጣ? መነጽሩን ተዉትና መጀመሪያ ከሙዚቀኞቹ ጋር ፊት ለፊት አገናኙት!